የቧንቧው ውል፦ የፍሳሽ መልቀቂያ ፈቃድ እንዴት ይሠራል?

እሑድ ማታ ነው። ዶሮ ወጡ ተበልቶ አልቋል፤ ድስቱ ግርጌ ቀይ ዘይት ተኝቶበታል። ድስቱን ወደ ሲንኩ ዘንበል ሳደርግ አክስቴ እጄን ያዙኝ። ከአዲስ አበባ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እኛ ቤት ከሰነበቱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

«ቆይ ልጄ፤ ይሄ የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ፍሳሽ መስመሩ ነዋ፣ እትዬ።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ማጣሪያው።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ወንዝ።»

«ወንዝ ውስጥ ድፉት ብሎ የፈቀደላቸው ማነው?»

አክስቴ ዕድሜያቸውን የገፉት አቃቂ ነው። በልጅነታቸው ልብስ ያጠቡበት የነበረውን ወንዝ ዛሬ ድልድዩን ሲሻገሩ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው እንደሚያልፉት ደጋግመው ነግረውኛል። ጥያቄያቸው ለጨዋታ ያህል የተወረወረ አልነበረም። ድስቱን በወረቀት ጠረግሁት፤ ቅባቱን ከነወረቀቱ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትሁት። እሳቸው ከሻንጣቸው ያልለዩትን እንዝርት ይዘው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ፣ እኔም ሻይ ቀዳሁ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ምሽት ወሬያችን ነው።

ውሃው የት ይደርሳል?

ከእኛ ኩሽና የወጣው ውሃ ከጎረቤቶቻችን ጋር እየተደባለቀ በካውንቲው መስመር ቁልቁል ይወርዳል፤ የዋሽንግተን ዲሲን ወሰን ከመሬት በታች ተሻግሮም በከተማዋ ደቡብ ጫፍ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ወዳለው የብሉ ፕሌይንስ ማጣሪያ ይገባል። ዲሲ ዋተር የሚያስተዳድረው ይህ ጣቢያ በቀን በአማካይ እስከ 384 ሚሊዮን ጋሎን ማለትም 1.45 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። የዲሲ፣ የሜሪላንዶቹ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ፣ የቨርጂኒያዎቹ የፌርፋክስና የላውደን ካውንቲዎች ፍሳሽ እዚያ ይገናኛል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ የእንጀራ ምጣዱን ያጠበበት ውሃ በአብዛኛው መድረሻው ይኸው ነው።

ማጣሪያው የሚሠራውን ሥራ ሊጥ ያቦካ ሰው ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። መጀመሪያ ጨርቁና ፕላስቲኩ በወንፊት ይያዛል፤ አሸዋው ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ከላይ ይገፈፋል። ከዚያ ውሃው አየር ወደሚነፋበት ትልቅ ገንዳ ይገባል። እርሾ ሊጡ ውስጥ ያለውን እየበላ እንደሚራባ ሁሉ ገንዳው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም የሟሟውን ቆሻሻ እየበሉ ይራባሉ። በልተው የጠገቡት ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ የጠራው ውሃ ከላይ ይቀራል። ብሉ ፕሌይንስ በዚህ አይቆምም፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ያስወግዳል፣ በአሸዋ ያጣራል፣ ጀርሞችን ይገድላል። በመጨረሻ ውሃው በቧንቧ ወጥቶ ፖቶማክን ይቀላቀላል።

የአክስቴ ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ የመጨረሻው ቧንቧ አፍ ላይ ነው።

ሕጉ የተገለበጠበት ዓመት

እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1969 በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ ከተማ የካያሆጋ ወንዝ በእሳት ተያያዘ። የነደደው ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ዘይትና ጥራጊ ነበር። እሳቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የባቡር ድልድዮችን ጎድቶ ጠፋ። ያው ወንዝ ከዚያ በፊትም ደጋግሞ ነድዷል፤ የ1952ቱ እሳት እንዲያውም የባሰ ነበር። በዋና ከተማዋ ደጃፍ የሚያልፈው ፖቶማክም ከዚህ ብዙ የተሻለ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የውሃ ሕግ ሲፈርሙ ወንዙ በበሰበሰ ፍሳሽና በአልጌ መሞላቱን፣ ዋናተኛውም ከዳርቻው መሰደዱን በይፋ ተናግረዋል።

ያ የ1965 ሕግ ግዛቶች ለወንዞቻቸው የጥራት ደረጃ እንዲያወጡ ያዝዝ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም አፈጻጸሙ ላይ ይሰናከል ነበር። ወንዙ ከተበላሸ በኋላ «ያበላሸው ማነው?» ብሎ ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ሆነ። በአንድ ወንዝ ዳር ሃያ ፋብሪካና አምስት ከተማ ካለ እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል።

አክስቴ እንዝርታቸውን አቆሙና «ውሉ የጠፋበት ልቃቂት በለኝ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መግለጫ የለም።

ኮንግረስ በ1972 በአዲስ ሕግ ነገሩን ገለበጠው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወጪው በዝቷል ብለው ኦክቶበር 17 ቀን ውድቅ አደረጉት። በማግስቱ ግን ሴኔቱ 52 ለ12፣ የተወካዮች ምክር ቤቱም 247 ለ23 በሆነ ድምፅ የፕሬዚዳንቱን ውሳኔ ሽረው ሕጉን አጸደቁት። የንጹሕ ውሃ ሕግ የሚባለው ይኸው ነው። ፍሬ ነገሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገባል፦ ማንም ሰው በቧንቧ፣ በቦይ ወይም ተለይቶ በሚታወቅ በማንኛውም ማውጫ ወደ አገሪቱ ውሃዎች በካይ ነገር መልቀቅ ክልክል ነው፤ ፈቃድ ካለውና ፈቃዱን ካከበረ በስተቀር።

ልዩነቱን ልብ እንበል። ቀድሞ መልቀቅ መብት ነበር፤ ጉዳት ሲረጋገጥ ነው የሚከለከለው። ከ1972 ወዲህ መነሻው ክልከላው ሆነ። ከሳሽ ወንዙ መሞቱን እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም፤ ቧንቧው ፈቃድ እንደሌለው ወይም ከፈቃዱ በላይ እንደለቀቀ ማሳየት ይበቃዋል። የልቃቂቱ ውል ተገኘ ማለት ነው።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?

ሕጉ ሥልጣኑን በመጀመሪያ የሰጠው በ1970 ለተቋቋመው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው። ነገር ግን አንድ ግዛት በቂ ሕግ፣ ባለሙያና የማስፈጸም አቅም እንዳለው ካሳየ ፈቃድ የመስጠቱን ሥራ ተረክቦ ራሱ ያካሂዳል። ዛሬ ከሃምሳዎቹ ግዛቶች 47ቱ ተረክበዋል፤ ያልተረከቡት ማሳቹሴትስ፣ ኒው ሃምፕሺርና ኒው ሜክሲኮ ናቸው። ዲሲም ሥራውን ስላልተረከበች ፈቃዷን የሚጽፈው የፌዴራሉ ኤጀንሲ ነው።

በእኛ አካባቢ ይህ በተግባር ምን ይመስላል? አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ዘመዴ ፍሳሹ የሚጣራው እዚያው ከተማው ውስጥ ባለ ጣቢያ ስለሆነ የጣቢያው ፈቃድ የሚጻፈው በቨርጂኒያ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ላለ ማጣሪያ ወይም ፋብሪካ ፈቃድ ሰጪው የሜሪላንድ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። የእኔ ሲንክ ሜሪላንድ ውስጥ ቢሆንም ውሃው ወንዝ የሚገባው ዲሲ ላይ ስለሆነ በእሱ ላይ የሚሠራው የብሉ ፕሌይንስ የፌዴራል ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለቧንቧው አፍ እንጂ ለኩሽናው አይደለም።

ግዛቱ ሥራውን ተረከበ ማለት ግን የፌዴራሉ ኤጀንሲ ዞር በል ተባለ ማለት አይደለም። ግዛቱ የሚጽፈውን ፈቃድ መርምሮ መቃወም ይችላል፤ ግዛቱ ዝም ያለውን አጥፊ ራሱ መክሰስም ይችላል። ግዛቱ ከፌዴራሉ ወለል በላይ ጥብቅ መሆን ይፈቀድለታል፤ ከዚያ በታች መላላት ግን አይችልም።

ወረቀቱ ውስጥ ምን አለ?

የፍሳሽ መልቀቂያ ፈቃድ ብዙ ገጾች ያሉት ሰነድ ነው። የቧንቧውን አፍ ከነቁጥሩና ከነመገኛው ይገልጻል፤ የሚገባበትን ወንዝ በስሙ ይጠራል። ከአምስት ዓመት በላይ አይጸናም። ባለፈቃዱ ጊዜው ከማለቁ ቢያንስ 180 ቀን ቀድሞ ለማደስ ማመልከት አለበት። ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ ይገለጣል፤ ቢያንስ ለ30 ቀን ማንም ሰው አስተያየቱን ይጽፋል፣ መሥሪያ ቤቱም ለአስተያየቶቹ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

የሰነዱ ልብ ግን የቁጥሮቹ ሠንጠረዥ ነው። ቁጥሮቹ የሚወጡት በሁለት መለኪያ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ «በዛሬ ዕውቀት ምን ያህል ማጣራት ይቻላል?» የሚለው ነው። ወንዙ ትልቅም ይሁን ትንሽ ለማንኛውም የከተማ ማጣሪያ የተቀመጠ ወለል አለ። ከቁጥሮቹ ዋነኛው የኦክስጅን ፍላጎት የሚባለው ነው፤ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ለመብላት በአምስት ቀን ውስጥ ስንት ኦክስጅን እንደሚፈጁ ይለካል። ጥሬ የቤት ፍሳሽ ብዙውን ጊዜ በሊትር 200 ሚሊግራም አካባቢ ይፈልጋል። ከተጣራ በኋላ የወሩ አማካይ ከ30 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም፤ በአጠቃላይም ከገባው ቢያንስ 85 በመቶው መወገድ አለበት።

ይህ ቁጥር ለምን ከሁሉ ይቀድማል? ወተት እንውሰድ። ወተት መርዝ አይደለም፤ ሕፃን የሚያድግበት ምግብ ነው። ነገር ግን አንድ ሊትር ወተት ወንዝ ውስጥ ቢደፋ ባክቴሪያዎቹ እሱን ለመጨረስ 100 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃሉ። ንጹሕ የወንዝ ውሃ በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን ከ8 እስከ 10 ሚሊግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ያቺ አንዲት ሊትር ወተት ከአሥር ሺህ ሊትር በላይ የወንዝ ውሃ አየር ታሳጣለች። ዓሣው የሚሞተው ታፍኖ ነው። የዶሮ ወጡ ዘይት፣ የቄራው ደም፣ የቢራ ፋብሪካው ብቅል ሁሉም ወንዝን የሚያፍኑት በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ «ይህ ወንዝ ምን ያህል ይችላል?» የሚለው ነው። ይህን ለአክስቴ በእንስራ አስረዳኋቸው። ወንዙ ውስጥ አንድ ነገር በእንስራ ከ10 ቁንጥጫ እንዳይበልጥ ተወስኗል እንበል። ከላይ የሚመጣው የወንዝ ውሃ ቀድሞውኑ በእንስራ 4 ቁንጥጫ ይዟል። በበጋ ሦስት እንስራ የወንዝ ውሃ ከአንድ እንስራ ፍሳሽ ጋር ይገናኛል። አራቱ እንስራ በድምሩ ሊይዙ የሚፈቀደው 40 ነው፤ ሦስቱ የወንዝ እንስራዎች 12 ይዘው መጥተዋል፤ ለቧንቧው የሚቀረው 28 ነው። ወንዙ ሞልቶ ሠላሳ እንስራ በሚሆንበት ጊዜ ያው ስሌት ለቧንቧው 190 ይሰጠዋል።

«ታዲያ በየትኛው ይጻፍ?» አልኳቸው።

«በበጋው ነዋ! ዓሣው በጋ ላይ ተንፍሶ ነው ክረምት የሚደርሰው» አሉኝ።

የሕጉ ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስሌቱን የሚሠሩት በአሥር ዓመት አንዴ በሚያጋጥመው በደረቁ ሳምንት የወንዝ መጠን ነው። ከሁለቱ መለኪያዎች ጥብቅ ሆኖ የተገኘው ፈቃዱ ላይ ይጻፋል። የብሉ ፕሌይንስ የፎስፈረስ ገደብ በሊትር 0.18 ሚሊግራም ነው፤ አንዲት ግራም ከአምስት ሺህ አምስት መቶ ሊትር በላይ ውሃ ውስጥ እንደማለት ነው። ይህን ያህል የጠበቀው ፎስፈረስ ለአልጌ ማዳበሪያ ስለሆነና ፖቶማክ ከዚያ በላይ ስለማይችል ነው።

ወንዙ ከላይ ሲመጣ ቀድሞ ሞልቶ ከሆነስ? ያን ጊዜ ወንዙ የሚችለው ጠቅላላ ሸክም ተሰልቶ ለየድርሻው ይከፋፈላል። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ዲሴምበር 29 ቀን 2010 ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የወጣው ነው። ስድስት ግዛቶችና ዲሲ በጋራ በዓመት ከ185.9 ሚሊዮን ፓውንድ የማይበልጥ ናይትሮጅን እንዲለቁ ተወሰነና ያ ቁጥር ከወንዝ ወንዝ፣ ከቧንቧ ቧንቧ ተከፋፈለ። የእያንዳንዱ ድርሻ ፈቃዱ ላይ ይጻፋል።

«ሌባው ራሱን ይቆጣጠራል?»

እዚህ ላይ አክስቴ ቆጣ አሉ። «ናሙናውን የሚወስደው ማነው?»

«ባለቧንቧው ራሱ፣ እትዬ።»

«ሌባው ራሱን ይቆጣጠራል?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። በአገሪቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ በየቀኑ የሚለካ መንግሥት የለም። ስለዚህ ሕጉ መለካቱን በባለፈቃዱ ላይ ጣለ፤ በዙሪያው ግን አጥር ሠራ። ፈቃዱ ምን በስንት ቀን እንደሚለካ፣ ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ፣ ላቦራቶሪው በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራ ይወስናል። መዝገቡ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይቀመጣል። ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት መጥቶ ገብቶ ማየት፣ የራሱን ናሙና መውሰድ ይችላል። ውጤቱ በየጊዜው፣ በትልልቆቹ ጣቢያዎች ዘንድ በየወሩ፣ በሪፖርት ቅጽ ይላካል።

ቅጹ ላይ አንድ ሰው ይፈርማል። ፊርማው በላዩ ካለው ቃል ጋር ነው፦ መረጃው እስከማውቀው ድረስ እውነትና የተሟላ ነው፣ ሐሰት ከሆነ ቅጣትና እስራት እንዳለብኝ አውቃለሁ ይላል። እያወቀ የሐሰት ቁጥር የጻፈ ወይም መለኪያውን የነካካ ሰው እስከ 10 ሺህ ዶላር ቅጣትና እስከ 2 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ከገደቡ በላይ መልቀቅም የራሱ የፍትሐ ብሔር ቅጣት አለው፤ ዛሬ ጣሪያው ለአንድ ጥሰት በቀን ከ60 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ጤናን ወይም አካባቢን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ሲደርስ ባለፈቃዱ ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ መናገር፣ በ5 ቀን ውስጥም በጽሑፍ ማስረዳት አለበት።

የአጥሩ ጠንካራው እንጨት ግን ቅጣቱ ሳይሆን ግልጽነቱ ነው። እነዚያ ወርኃዊ ቁጥሮች የሕዝብ ሰነድ ናቸው። በፈቃዱ ጥሰት የሚጎዳ ሰው ለአጥፊው፣ ለግዛቱና ለፌዴራሉ ኤጀንሲ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ መንግሥት እርምጃ ካልወሰደ ራሱ ፍርድ ቤት መቆም ይችላል። ማስረጃ ፍለጋ ሌሊት ወንዝ ዳር ማደር አያስፈልገውም፤ የባለቧንቧው የራሱ ፊርማ ያለበት ሪፖርት ከበቂ በላይ ይናገራል። ቅጣቱ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል እንጂ ለከሳሹ ኪስ አይሆንም፤ ስለዚህ የሚከስ ሰው የሚከሰው ለወንዙ ብሎ ነው።

ምግብ ቤቱና ፋብሪካው

ብዙ የሥራ ቦታዎች የራሳቸው ቧንቧ ወደ ወንዝ የላቸውም፤ ፍሳሻቸውን ወደ ከተማው መስመር ይለቃሉ። እነሱን የሚይዛቸው ቅድመ ማጣራት የሚባለው ክፍል ነው። እሳት የሚነሳበት ነገር፣ ቧንቧ የሚበላ አሲድ፣ መስመር የሚዘጋ ጠጣር፣ የማጣሪያውን ባክቴሪያ የሚገድል መርዝ ወደ መስመሩ ማስገባት ለማንም ክልክል ነው። ብረት የሚለብጥ ወርክሾፕ ክሮሚየሙንና ኒኬሉን እዚያው አጥርቶ መልቀቅ አለበት፤ ምክንያቱም የከተማው ባክቴሪያ ምግብ እንጂ ብረት አይበላም።

የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቼ የሚያውቁት የቅባት ወጥመድም የመጣው ከዚሁ ነው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ያ ሣጥን ውሃውን ያዘገየዋል፤ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከሥር ያልፋል። በጊዜው ካልተጠረገ ቅባቱ አልፎ ከመሬት በታች ይረጋል፤ ቂቤ በብርድ ጠዋት እንደሚረጋው። መስመሩ ሲዘጋ ፍሳሹ በመንገዱ ክዳን ወጥቶ ያለ ምንም ማጣራት ጅረት ይገባል። ያ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ልቀት ነው። ዘይቱን በወረቀት መጥረግና በጠርሙስ ማጠራቀም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን አሁን ከወንዙ ጋር የገባሁት የግሌ ውል አድርጌ ነው የማየው።

ፈቃዱ የማይደርስበት

ነገሩን አሳምሬ ብቻ ብነግራቸው አክስቴን ማታለል ይሆንብኝ ነበር። ሕጉ የጨበጠው ቧንቧን ነው። ከእርሻ ማሳ በዝናብ የሚታጠበው ማዳበሪያና ፍግ አንድ አፍ ስለሌለው ከፈቃዱ ውጪ ነው፤ እንስሳት በብዛት ታጉረው የሚረቡባቸው ትልልቅ ጣቢያዎች ብቻ እንደ ቧንቧ ይቆጠራሉ። ቼሳፒክ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ያልዳነበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

አሮጌ ከተሞችም የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። ከዲሲ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ የሚሄዱበት ነው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ሞልቶ ያልተጣራው ወደ አናኮስቲያና ወደ ፖቶማክ ይፈስ ነበር። በ2005 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ከተማዋን ጥልቅ የማጠራቀሚያ ዋሻዎች እንድትቆፍር አስገደዳት። የመጀመሪያው የአናኮስቲያ ክፍል በ2018፣ ቀጣዩ በ2023 ሥራ ጀመረ፤ ወደ አናኮስቲያ የሚፈሰውን በአማካይ ዓመት 98 በመቶ እንዲቀንስ የታቀደ ሥራ ነው። ከ1971 ጀምሮ ዋና የተከለከለበትን ወንዝ ወደ ሰዎች ለመመለስ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ የሚከፈለውም በየወሩ በውሃ ሂሳብ ላይ ነው።

ፍርድ ቤቶችም የፈቃዱን ቃላት ይመዝናሉ። ማርች 4 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ፈቃድ ሰጪው «ወንዙን ወይም ባሕሩን ከደረጃው እንዳታወርድ» ብሎ ውጤቱን ብቻ ማዘዝ አይችልም፤ ባለፈቃዱ ምን ማድረግ እንዳለበት ለይቶ መጻፍ አለበት አለ። ውሳኔው ከተሞችን ከድንገተኛ ተጠያቂነት ያሳርፋል፤ ፈቃድ ጸሐፊውን ግን ከባድ ኃላፊነት ላይ ይጥለዋል። ያልጻፈው ነገር ሁሉ ቀዳዳ ይሆናልና እንስራዎቹን በጥንቃቄ መቁጠር አለበት። ግዛቶች የባለሙያ ደመወዝ ሲቆጥቡ የሚቆጥቡት ከዚህ ላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

«ታዲያ ለመበከል ፈቃድ መስጠት አይደለም?»

አክስቴ በመጨረሻ ይህን ጠየቁኝ። እኔም መጀመሪያ ስለ ነገሩ ሳነብ የተሰማኝ ይኸው ነበር። ሕጉ ራሱ ብክለት እስከ 1985 ፈጽሞ እንዲቆም ግብ አስቀምጦ ነበር፤ አልደረሰም። ፈቃዱ «ይህን ያህል ልቀቅ» ይላልና ኅሊና ይቆረቁራል።

ዛሬ ግን «ፈቃድ» ከማለት «ውል» ማለት ይቀናኛል። ሰው እስካለ ፍሳሽ አለ፤ ከተማ ያለ ቧንቧ አይኖርም። ጥያቄው ቧንቧው ስም፣ ቁጥርና ፈራሚ አለው ወይስ የለውም ነው። ያለው እንደሆነ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው የሸተተውን ይዞ ወደ ኋላ መተርተር ይችላል፤ ከወንዙ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ ሪፖርቱ፣ ከሪፖርቱ ወደ ፊርማው። የሌለው እንደሆነ ሁሉም ይበክላል፣ ማንም አልበከለም።

«የእኛስ?» አሉ። መልሱን አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ አቃቂ ሳያነሱ እንደማይነሱ አውቃለሁ።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦ አካባቢ ተነስተው ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው የቤቱን፣ የጋራዡንና የቆዳ ፋብሪካውን ይቀበላሉ፤ በዳርቻቸው ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማባቸዋል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የለቀቅንበት ነገር እዚያው በአገሩ ምድር ይቀራል እንጂ ወደ ውቅያኖስ የሚሸኘው የለም።

ሕግ ግን አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ይከለክላል፤ የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) ነባር ፋብሪካዎች እንዲዘጋጁ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ያ ጊዜ ካለቀ ቆይቷል። በአዋጁ አንቀጽ 11 ላይ ያለው ቃል ደግሞ ከአሜሪካው እንኳ ሰፊ ነው። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የጎደለው የልቃቂቱ መሐል ነው፦ ቧንቧው በቁጥር መታወቁ፣ በየወሩ መለካቱ፣ ቁጥሩ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ መውጣቱ። አቤት የማለት መብት ኖሮ የሚነበብ ቁጥር ከሌለ ሰው ሽታን ብቻ ይዞ ችሎት ፊት ይቆማል። ሰላሳ ሚሊግራም፣ ሦስት እንስራ፣ አንድ ፊርማ፤ ወንዝ የሚድነው በእነዚህ በመሳሰሉ ጥቃቅን፣ አሰልቺ የሚመስሉ ነገሮች ነው ብዬ አምናለሁ።

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። አክስቴ ፈትሉን በእንዝርቱ ላይ ጠቅልለው ጫፉን በጥንቃቄ ቋጠሩት፤ እንዳይጠፋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ከዚያ ስልክ ቁጥር የሚጽፉባትን ትንሽ ደብተር አወጡ።

«አዋጁ ስንት ነው ያልከኝ?»

«300፣ እትዬ። አንቀጽ 11።»

በትልልቅ ፊደል ጻፉትና ድጋሚ አነበቡልኝ፤ ስህተት አልነበረበትም።